የመርዳሳ ፍጥነት

መርዳሳ ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ራሱ ይነግራችኋል። አዳማ ውስጥ ከእሱ በላይ ኔትወርክ የሚያውቅ የለም። እኔ ሑስና አብሬው አንድ ክፍል ውስጥ እየሠራሁ ይህን ስሰማ ጆሮዬ ሊደነቁር ነው።

የአሰላ መንገድ ከተሞች የሞባይል ዳታ አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄድ እዚሁ አዳማ ባለው ሰርቨራችን ያልፋል። መርዳሳ ፕሮግራሙን ከርነል ውስጥ፣ ማለትም የሰርቨሩ እምብርት ውስጥ አስገባው። ፓኬቱ፣ ማለትም ተቆራርሶ የሚጓዘው የዳታ እሽግ፣ ገና ከበር ሲገባ ተፈትሾ፣ ተጠቅልሎ ወደ ታወሩ ይላካል። ፈጣን ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ግን ትልልቁ ፓኬት ሲጠቀለል በጠባብ መስመር አያልፍም፤ ላይ ወዳለው ዘገምተኛ ፕሮግራም ሄዶ መከፋፈል አለበት። ይሄ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የፍጥነት ቁጥር ይቀንሳል። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ስለዚህ ጌታው ትልልቆቹን መጣል ጀመረ።

"ጥቂት ናቸው፣ ማን ያያቸዋል?" አለኝ። አይ ሊቅ!

ጠባቡ መስመር ወደ ሁሩታ ከተማ የሚሄደው ነው። ሁሩታ ደግሞ የመርዳሳ እናት እትዬ ዘርፉ ታመው ተኝተዋል። የልጃቸውን ፊት ማየት ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ሁሩታ ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል፤ እሱ ግን ከቁጥሩ ፊት አልነሳ አለ። እህቱ ኤቢሴ በቪዲዮ ስትደውል ድምፁ ይደርሳታል፣ መልኩ የለም።

"ኔትወርኩ የእኔ ነው፣ እንከን የለበትም። ቀፎ ቀይሩ" ሲላት አጠገቡ ነበርኩ።

"የጣልካቸው ፓኬቶች እኮ ናቸው፤ ምስል የሚሄደው በትልልቆቹ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ። የገዛ እናቱን ከቁጥር የሚያሳንስ ሰው እኔን ሊሰማ ኖሯል?

እንግዶቹ መጡና ቁጥሩን አይተው አጨበጨቡ። አለቆቻችንም አጨበጨቡ፤ ለምን እንደሆነ የገባው ስለመኖሩ እንጃ። መርዳሳ ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ዋለ።

በማግስቱ ማለዳ እኛ ባልደረቦቹ ከሁሩታ በሚኒባስ ከመጡት ዘመዶቹ ጋር ደጁ ቆምን። መርዶ በስልክ አይነገርም። በሩን ከፍቶ ኤቢሴን በጥቁር ልብስ ሲያያት ገባው። እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

"እንዲህ መድከሟን ለምን ደውላችሁ አልነገራችሁኝም?" አለ።

"ስንደውል ነበር" አለችው ኤቢሴ። "ቀፎ ቀይሩ አልከን፤ ቀየርን። በአዲሱም ፊትህን አላየችም።"