የተነቀለው አምፖል

ሹፌር ነበርኩ። ይህን ስናገር ዛሬም የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። በደርግ ጊዜ፣ መተማ ቆላ፣ ከኮኪት አለፍ ብሎ በነበረ የመንግሥት የሰሊጥ እርሻ ላይ መሪ የጨበጥኩ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ትራክተር ላይ ያወጡኝ ፎቶ ሊያነሱኝ ነው፤ ሴቷም ታርሳለች ለማለት። ፎቶው ተነሣ፣ እኔ ግን አንዴ ከወጣሁ በኋላ አልወርድ አልኩ። ከትራክተሩ ወደ ጭነት መኪና እስክሻገር ያየሁትን ፍዳ እኔ አውቃለሁ። ወንዶቹ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" እያሉ ሲተርቱብኝ፣ ጎማ ብቻዬን እየፈታሁ ብቻዬን እያሰርኩ አፋቸውን አስዘጋሁ። እንጀራዬም መከበሪያዬም ያ መሪ ነበር። እሱን ካጣሁ የሚጠብቀኝ ወይ የወንድሜ ጓዳ ነው ወይ የፈታሁት ባል ደጃፍ፤ ሁለቱንም አልፈልግም።

አዲሱ መኪና የመጣው ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ ነው። ሊያስረክቡን ሲሉ አዲስ አበባ ድረስ ጠርተው አሠለጠኑን፤ አሠልጣኙ ፈረንጅ፣ አጠገቡ አስተርጓሚ። የድሮዎቹን መኪኖች ሕመም የምናውቀው በጆሮና በአፍንጫ ነበር፤ ሲያንኳኳ ሰምተን፣ ሲቃጠል አሽትተን። ይኼኛው ግን ከመሪው ፊት ለፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ፣ ቀይና ቢጫ መብራት ደርድሮ መጣ፤ በየመብራቱ ላይ ሥዕል አለ። የባትሪው መብራት ብቻውን ከበራ ዲናሞውን እይ ነው። የባትሪውና የውኃ ሙቀቱ ተከታትለው ከበሩ ግን ዲናሞውንም የውኃ ፓምፑንም የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ወዲያው አቁም። የፍሬኑ ቀይ መብራት ሞተር ሲነሣ ቢበራ አያስደነግጥም፤ ፍሬኑ የሚይዝበት የታመቀ አየር እስኪሞላ ነው፣ ይጠፋል። እየተነዳ፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ከበራ ግን አየሩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ሌሎቹ ሹፌሮች ሲያንቀላፉ እኔ ጠየቅሁ፣ ደግሜ ጠየቅሁ፣ ሰውየው እስኪሰለቸው ድረስ። ነገሩ ፊደል እንደ መቁጠር ነው፤ አንዴ ከገባህ በኋላ ሳታነበው ማለፍ አትችልም።

መስከረም ማለቂያ ላይ ባዶ ጆንያ ጭኜ ከመተማ ስመለስ የፍሬኑ መብራት በራ። ስረግጥ ይበራል፣ ቆየት ብሎ ይጠፋል፣ ስረግጥ ይበራል። ቀስ ብዬ እርሻው ደረስኩና ለጋራዡ ኃላፊ ነገርኩት። የጋራዡ ኃላፊ ጥሩ ሰው ነበር፣ እጁም ይችላል። መብራቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እርሻው ላይ ካለው ካድሬ ዘንድ ሄዶ ቆይቶ ሲመለስ ካቻቢቴ ይዟል። ፍሬኑን ሊፈታ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጋቢና ገባ፣ ክሩስኮቱን ፈታ፣ የመብራቱን አምፖል ነቀለና ኪሱ ከተተው። ተሠርቷል አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ወይ ጉድ! ጅብ መጣ ብሎ የጮኸን ውሻ ገድሎ፣ በር ከፍቶ መተኛት ማለት ይኼ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ ነገረኝ። ካድሬው ያለው፣ የወዳጅ አገር አዲስ መኪና አይበላሽም ነው። ተበላሸ የሚል ካለ ወይ ራሱ አበላሽቶታል፣ ወይ የወዳጅን ስም ሊያጠፋ ነው፤ ሁለቱም አሻጥር ነው። ሰጪዎቹም በቅርቡ ሊጎበኙን ይመጣሉ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ጊዜ ምን እንደነበር ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቃሉ የተለጠፈበት ሰው ሲወሰድ ይታያል፤ ሲመለስ ያየነው ጥቂቱን ነው። የጋራዡ ኃላፊ ልጆች አሉት፣ አልፈረድኩበትም። ደሜ ግን ፈላ።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የረጅም መብራቱን ጠቋሚ አምፖል ነቅዬ በፍሬኑ ቦታ ሰካሁት፤ መጠናቸው አንድ ነው። ረጅም መብራቴ መሥራቱን መንገዱን አይቼ አውቀዋለሁ፣ የፍሬኔን አየር ማለቅ ግን ማን ይነግረኛል? እርግጥ የአየሩ መለኪያ መርፌ አለ። በዚያ አቧራና ጉድጓድ ዓይኑን መርፌ ላይ የሚተክል ሹፌር ግን ገደል ይገባል።

ብዙም ሳይቆይ አጫጆች እንዳመጣ ወደ ጭልጋ ተላክሁ። የጋራዡ ኃላፊ በድብቅ ማጥበቅ ያለበትን አጥብቆ፣ መብራቱም ጠፍቶ ስለነበር፣ እኔም ደህና ሆነ ብዬ ወጣሁ። ሰሊጥ አይታገሥም፤ ቀኑ ካለፈ ፍሬው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ካድሬው መቸኮሉ ላይ እውነት ነበረው፣ አልክደውም። ከጎጃምና ከወሎ የመጡት አጫጆች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሲጠብቁኝ ደረስኩ። ከነጓዛቸው መኪናው ላይ ጢም ብለው ተጫኑ። ካድሬው በጂፑ ከኋላችን ይከተለናል።

ወደ ቆላው የሚያወርደው ቁልቁለት ገና ሲጀምር ፍሬን ነካ አደረግሁ፤ በራ። ጠብቄ ደግሜ ነካሁ፤ በራና አልጠፋም አለ። መርፌውን አየሁት፣ እየወረደ ነው። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቼ አቆምኩት። ወርጄ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ጣልኩ። ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ካድሬው ከጂፑ ወርዶ እየገሠገሠ መጣ። የፍሬኑ መብራት በርቶ ነው የቆምኩት ስለው፣ የተነቀለው አምፖል እንዴት ሊበራ ቻለ አለኝ። እኔ ነኝ የመለስኩት አልኩት። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰሊጡ እየረገፈ ነው፣ ለሚረግፈው ሁሉ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ ይኼ ለይቶለት አሻጥር ነው አለ። አጫጆቹ ከላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ በአነጋገራቸው ጎጃሜነታቸው ያስታውቃል፣ ምን ሆነን ቆምን ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ካድሬው ምንም የለም ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። ፍሬኑ አየር እያለቀበት ነው አባቴ፣ ቁልቁለቱን አንዴ ከጀመርኩት ላቆመው አልችልም አልኳቸው።

ሽማግሌው ወደ ገደሉ ተመለከቱ። "እግዜር እግር የሰጠን ለዚህ ጊዜ ነው" አሉና ማጭዳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወረዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ካድሬው ተመለሱ፣ ውጡ እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጠ፤ እነሱ ግን ጓዛቸውን እያወረዱ፣ እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ እያሉት በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። እምቢ ያለው አንድም አልነበረም፤ የተመለሰም አልነበረም።

ባዶው መኪና ፊት ሁለታችን ቀረን። ባዶውንም ቢሆን ንጂው አለኝ። መኪናው ደህና ነው፣ አዲስ ነው፣ በሽታው ያለው አንቺ ላይ ነው አለ። የጋቢናውን በር በሰፊው ከፈትኩለት።

"ደህና ከሆነ ይግቡና አብረን እንውረድ" አልኩት። "እርስዎ ከጎኔ ከተቀመጡ እነዳዋለሁ።"

ቆቡን አስተካከለ። ቀዩን መብራት አየ፣ ቁልቁለቱን አየ። ከዚያ ጂፑ ውስጥ ገባና ጥሎኝ ሄደ።

በማግስቱ የጋራዡ ኃላፊ ወጥቶ የተሰነጠቀ የአየር ቧንቧ አገኘ፤ በሌላ ተካውና መኪናው በሰላም ወረደ። አጫጆቹም ከቀናት በኋላ በእግራቸው ደርሰው አጨዳ ጀመሩ። ተበላሽቶ ነበር የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም፤ እኔን ደግሞ ለሂስና ግለ ሂስ ጠሩኝ።

ከስብሰባው በፊት ካድሬው ለብቻዬ አናገረኝ፤ ለስላሳ ሆኖ። እንግዶቹ ሊመጡ ነው፣ ነገሩ እንዲከር አልፈልግም አለ። በሰው ፊት ተነሥተሽ መብራቱ አልበራም፣ ተሳስቼ ነው በይ፤ ከዚያ መሪሽን ያዢ፣ የሚነካሽ የለም። እምቢ ካልሽ ግን ከእንግዲህ መኪና አትነኪም፤ ሌላውንም እናይልሻለን። የጋራዡ ኃላፊም በበኩሉ ለመነኝ። አንዲት ቃል እኮ ናት እህቴ፣ ብለሽው ተገላገዪ አለኝ። ከልቡ ነው፣ አዝኖልኝ ነው።

አሰብኩበት፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። የወንድሜ ጓዳ ታየኝ፣ ሚስቱ እንዴት ቁልቁል እንደምታየኝ ታየኝ። ግን ዛሬ እኔ አልበራም ካልኩ፣ ነገ ለሌላው ሹፌር ሲበራ ምን ብሎ ይቆማል? የጫነውን ሰው ሁሉ ይዞ ይወርዳላ።

ስብሰባው የሰሊጡ መጋዘን ደጃፍ ላይ ነበር። ሹፌሮቹም አጫጆቹም ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ካድሬው ጥላው ሥር፣ ጠረጴዛ ይዞ። ስሜን ጠርቶ አስነሣኝ።

"ጓድ፣ መብራቱ በርቷል ወይስ አልበራም?"

"በርቷል" አልኩ።

ያልሰማ መስሎ ደግሞ ጠየቀኝ። የጋራዡ ኃላፊ አቀርቅሮ መሬት ይጭራል።

"በርቷል" አልኩ።

አምጪ እስኪሉኝ አልጠበቅሁም። ወደ ጠረጴዛው ሄድኩና መንጃ ፈቃዴን አስቀመጥኩለት፣ የመኪናውን ቁልፍም ከላዩ ደረብኩበት። ከዚያ በአጫጆቹ መካከል አልፌ በእግሬ ወደ ኮኪት ሄድኩ።