የሰኞ መርማሪዎች

ወርቅነሽ በደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ልብስ ሰፊዎች በሚደረደሩበት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ካቆመች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሴት ቀሚስ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። ገበያተኛው ግን ይበልጥ የሚያውቃት በሌላ ነገር ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን የሚታየውን «ሰባተኛው ምስክር» የሚባል የወንጀል ምርመራ ድራማ ከእሷ የተሻለ የሚፈታው አልነበረም። «ሠራተኛዪቱን ተዋት፤ የገደለው ሐኪሙ ነው» ትላለች ክር እየሰካች። ሦስት እሑድ አልፎ ሐኪሙ እጁ በካቴና ታስሮ ይወጣል።

ሰኞ ሰኞ በረንዳው ችሎት ይመስል ነበር። ከጎኗ የምትቀመጠው ጥልፍ ጠላፊዋ ፈንታነሽ የጥርጣሬ ሰው ናት፤ በድራማው ውስጥ ያልጠረጠረችው የመርማሪውን እናት ብቻ ነው። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሼ ይሻው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ይመጡና የእሑዱን ታሪክ ከመጀመሪያው ይተነትናሉ። በበረንዳው ጫፍ የእህል መጋዘን ያለው ባዩ ደግሞ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ይገምታል፤ አንድም ቀን አግኝቶ አያውቅም። እሱ ንጹሕ ያለው ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ይሳቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

የወርቅነሽ ባል ሞላ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ታኅሣሥ ላይ የባዩን ማሽላ ሊያመጣ ወደ እብናት ወረደ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወለላት። «ጭኜ ጨርሻለሁ፤ ግን እደር ተብያለሁ፤ ነገ በጧት እነሣለሁ» አላት። አርብ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። እሑድ መኪናው ከእብናት ወጣ ብሎ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ተገኘ። በሩ ተቆልፏል፣ ከጭነቱ አንድ ጆንያ አልጎደለም፣ ጋቢው በወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሞላ ግን የለም።

ለፖሊስ አመለከተች። ቃሏን የተቀበላት ወጣት መርማሪ ትሑት ልጅ ነበር፤ እሷ ስትነግረው ዐይኑ እንባ ያቀርር ነበር። «እቴ፣ መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ስልኩም እንደምታይው ነው። በምን ልሂድ?» አላት። ረቡዕ ረቡዕ እየሄደች ትጠይቀዋለች፤ ረቡዕ ረቡዕ አንገቱን ይደፋል። በመጨረሻ እሱም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ በእሱ ቦታ የመጣው ሰው መዝገቡን ፈልጎ ለማግኘት ራሱ አንድ ወር ፈጀበት።

እንዲህ ሆናም ድራማዋን አልተወችም። ሌላው ሁሉ ሲጨልምባት እሑድ ከሰዓት ሲደርስ ልቧ ትንሽ ቀና ይላል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ የጠፋ ሰው ይገኛል፤ የዋሸ ሰው ይጋለጣል። ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ መቀመጥ ምን ክፋት አለው?

ግንቦት ላይ ግን ድራማው አዲስ ታሪክ ጀመረ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከጭነቱ ጋር ከቤቱ ወጥቶ ቀረ።

በማግሥቱ ሰኞ ወርቅነሽ በረንዳው ላይ ስትደርስ ወሬው ቀጥ አለ። ፈንታነሽ ጥልፏ ላይ አቀረቀረች። ጋሼ ይሻው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ዝናብ ግን አልነበረም።

«ምነው? እኔን ፈርታችሁ ነው?» አለች ወርቅነሽ።

«ኧረ ተይ፣ ምን ያስፈራናል» አሉ ጋሼ ይሻው።

«አይቻለሁ እኮ ጋሼ። እኔም ትናንት ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ለዚያ ለውሸቱ ሾፌር ሌሊቱን ሙሉ ስታስቡ አድራችኋል፤ አውቃችኋለሁ። ለእኔ ሰው ግን አምስት ወር ሙሉ ‹እግዚአብሔር ያውቃል› ብቻ ነው የምትሉኝ። እስቲ አንድ ቀን የእኔንም እንደ ድራማው አድርጉልኝ። ጠይቁኝ። መርምሩኝ።»

ባዩ ነው ቀድሞ የተናገረው። «እውነቷን ነው። ሰው ካልጠየቀላት ማን ይጠይቅላት?»

ጋሼ ይሻው ከጠረጴዛዋ ላይ የልብስ ጠመኔ አንሥተው፣ አንዲት ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቀናቱን ጻፉ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ። እንደ መምህርነታቸው አንድ በአንድ ጠየቋት። ስንት ሰዓት ደወለ? ድምፁ እንዴት ነበር? ምን አለ? እሷም አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ስትናገር ደረቷ የቀለላት መሰላት።

«‹እደር ተብያለሁ› አለኝ» አለች።

«ማን ነው እደር ያለው?» አለች ፈንታነሽ ቀና ብላ።

ወርቅነሽ ይህን ተጠይቃ አታውቅም ነበር። ራሷንም ጠይቃ አታውቅም። «ጭነቱ የባዩ አይደል? ባዩ ነዋ።»

«እኔ?» አለ ባዩ። «እኔማ ከረቡዕ ወዲህ አላነጋገርሁትም። ለፖሊሱም እንዲሁ ነው ያልሁት።»

«እንግዲያ ሌላ ማን እደር ሊለው ይችላል?» ፈንታነሽ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ይህን የተናገረችው ዘወትር ስለ ድራማው በምትናገርበት በዚያው ድምፅ ነበር። ምን እንደተናገረች የገባት ከተናገረች በኋላ ነው።

ባዩ ፊቱ ላብ አወጣ። «ወይም… ሐሙስ ደውዬ ይሆናል። የመከር ጊዜ ነው፤ በቀን ስንት ሰው ነው የማነጋግረው? እንዴት ላስታውስ?»

የጋሼ ይሻው ጠመኔ ሐሙስ ላይ ቆመ።

ባዩ ከጆንያው ላይ ተነሣ። ሁሉንም በየተራ አያቸውና ወርቅነሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ወርቄ፣ አንቺም?»

«ኧረ እኔስ» ልትል ፈለገች። ባዩ፣ ሞላ በጠፋባት ሰሞን፣ ሁለት ጊዜ በእግሩ እስከ እብናት መንገድ ወርዶ የፈለገላት ነው። ልጆቿን እንደ ልጆቹ የሚያይ ነው። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ባዩ ጥቂት ጠብቆ፣ መጋዘኑን ቆልፎ ሄደ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ! በሳምንቱ ወሬው ከበረንዳው አልፎ ገበያውን ሞላው። ባዩን ሰላም የሚለው ሰው ቀነሰ፤ ልጁን በትምህርት ቤት «ያንተ አባት» አሉት። ወርቅነሽ ባገኘችው ሰው ሁሉ ፊት «እኔ እንዲህ አላልሁም» አለች፤ ሰው ግን ፈርታ ነው ብሎ ቆጠረው። ይባስ ብሎ አዘነላት። ቤቱ ሄደች። ሚስቱ ጌጤ በር ላይ ቆማ፣ «ምን ቀረሽ? የቀረሽን ልትጨርሺ መጣሽ?» ብላ ሳታስገባ መለሰቻት። ወደ ፖሊስ ሄደች። አዲሱ መርማሪ እስክትጨርስ አዳምጦ፣ «ቀን መርሳት ወንጀል አይደለም እኮ እናቴ» አላት። እሷም ይህን ታውቃለች። ታዲያ ለምን ልቧ አላረፈም? ሌሊት ነቅታ ያንን የባዩን «ይሆናል» የሚለውን ቃል ታዳምጠዋለች።

በድራማው ውስጥ ሾፌሩ ሰኔ መግቢያ ላይ ተገኘ። ራሱን ስቶ አንድ ሩቅ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ሚስቱ ስታቅፈው በዜማ ጨረሱት። ወርቅነሽ ቴሌቪዥኑን ዘግታ የተማሪ ዩኒፎርም መቆራረጥ ጀመረች። በማግሥቱ ሰኞ ማንም ስለ ድራማው አላነሣም። ጋሼ ይሻውም እግሬን አመመኝ ብለው ቀሩ።

ባዩን ያገኘችው በሰኔ መጨረሻ፣ የአንድ የሰፈር ሽማግሌ ቀብር ላይ ነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ እሱ ብቻውን የግንቡን ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር። ከስቷል። ወርቅነሽ ሰው እያየ ወደ እሱ ሄደች።

«ባዩ፣ አንድ ነገር ብቻ። እደር ያልኸው አንተ ነህ?»

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እጠይቃለሁ» አለ። «አንዳንድ ቀን በፍጹም አልደወልሁም እላለሁ። አንዳንድ ቀን ‹አይምሽብህ፣ እደር› ስለው ድምፄ ይሰማኛል። እንዳላልሁ ልምል ታቦት ፊት ቆምሁ፤ አልቻልሁም። ብየው እንኳ ከሆነ ወርቄ፣ እንዳይመሽበት ብዬ ነው። ሌላ ምን ብዬ?» እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

አመነችው። ያኔውኑ ደግሞ ‹ወንጀለኛ ሁሉ እንዲህ አይደል የሚያለቅስ?› የሚል ሐሳብ መጣባት፤ በራሷ አፈረች። ሁለቱም ሐሳብ ግን አብሮ ተቀመጠ፤ አንዱ ሌላውን ሊያስወጣው አልቻለም።

«ማሽላውን የሸጡልኝ ሰውዬ ያውቃሉ» አለ ባዩ ፊቱን ጠርጎ። «እሳቸው ቤት ነው ያደረው። ክረምቱ ይውጣ፣ መንገዱ ይከፈት፣ አብረን እንውረድና አንቺው ራስሽ ጠይቂያቸው።»

«እሺ» አለች።

ክረምቱ ወጣ። በመስከረም መንገዱ አልተከፈተም፤ በጥቅምት ተከፍቶ ተዘጋ። በኅዳር መጀመሪያ ባዩ በረንዳው ጫፍ ድረስ መጣ፤ አልተቀመጠም። ሰውዬው ቤታቸውን ዘግተው፣ ከብታቸውን ነድተው፣ ወዴት እንደሄዱ ሳይታወቅ ከአገሩ ወጥተዋል አላት።

ወርቅነሽ የስፌት መኪናዋን እጀታ ይዛ ቀና ብላ አየችው። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ይህን ማን እንደነገረው ልትጠይቀው ነበር። አልጠየቀችውም።