ማርሽ አልቀይርም ያለች አውራ ጣት

ቴፒ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሁሉ ይወቀው፣ ከኔ የሚበልጥ የለም። የማሻን ጭቃ ሌላው እግሩን ዘርግቶ እንደ ዳክዬ ሲሻገር፣ እኔ ከኋላዬ ሰው፣ ከሰውየው ኋላ የቡና ጆንያ ጭኜ አልፈዋለሁ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ተስማምተን ነው።

ሞተሯ ግን የእህቴ ባል ንብረት ነች። እሱን ጋሼ ነው የምለው።

አንድ ጠዋት ስነሳ የግራ እግሬ አውራ ጣት ቲማቲም መስላለች። ማርሽ የሚቀየረው ደግሞ በሷ ነው። አንሶላ ሲነካት እንኳን ታስጮሃለች። እኔ አልጮህኩም። እሺ፣ ትንሽ ጮሄአለሁ።

በዋዜማው ቅርጫ አርደን ነበር። የሰፈራችንን በሬ ብልት የማወጣው እኔ ነኝ፤ ብልት አውጪ ደግሞ ጉበትና ኩላሊቱን እዛው በጥሬው በልቶ በቢራ ያወርደዋል። እናቴ ጣቴን እንዳየች፣ "ስጋ ስትበላ ዓይን ገብቶብሃል!" አለች። ወጌሻም ተጠራ። "በሬው ረግጦት ነው" ብሎ በቅቤ አሸኝ። የረገጠኝስ እሱ ነው!

በሳምንቱ ድኖ ቁጭ። በሚቀጥለው ቅርጫ ደገመኝ። ከዛም ሰለሰኝ። እናቴ ስበላ ነጠላ ትጋርድብኝ ጀመር። ማንም ስለማያየኝ የባሰ በላሁ።

ጋሼ ግን አላመነኝም።

"ሁልጊዜ ከበዓል ማግስት ነው የሚያምህ። ይሄ ስካር ነው።"

"ጋሼ፣ እያት እንጂ!"

"ሰው በአውራ ጣቱ አልጋ ላይ አይውልም። አሁን ብትደግመኝ ሞተሯን ለሌላ ልጅ ነው የምሰጣት።"

ደነገጥኩ። ሲሻለኝ ራሴ ነድቼ ሚዛን ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሯ ጣቴን አገላብጣ አየች፤ እብጠቷ ጠፍቶ የሙሽራ ጣት ነው የምትመስለው።

"ሲያብጥ ና" አለችኝ።

"ዶክተር፣ ሲያብጥማ መንዳት አልችልም።"

"ሰው ያምጣህ።"

በቀጣዩ ሲያብጥ ያመጣኝ ጋሼ ነው፤ "ውሸትህን እዛው ትጨርሳታለህ" እያለ። የቴፒ አንደኛ ሹፌር ከኋላ ተቀምጬ፣ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ፌስታል! ጋሼ ደግሞ አንድ ጉድጓድ አያልፈውም።

ዶክተሯ ከመገጣጠሚያዬ በመርፌ ፈሳሽ ቀዳች። ጋሼ ጣቴን ያኔ ነው በደንብ ያያት፤ ፊቱን አዞረ። ፈሳሹ ላብራቶሪ ሄዶ ውጤቱ ሲመጣ፣ "ሪህ ነው" አለችን።

"ሪህ የሽማግሌ አይደል እንዴ?" አለ ጋሼ።

"ወጣትም ይይዛል። ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ደሙ ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጥቃቅን መርፌ ይሆናል። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ቢራ ይቀሰቅሱታል።"

"የሀብታም በሽታ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ለእብጠቱ መድኃኒት ሰጠችኝ። ከዛ ደግሞ አሲዱን የሚቀንስ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አስጀመረችኝ። "መጀመሪያ ላይ ሊያገረሽብህ ይችላል። እንዳታቋርጥ።"

እውነትም አገረሸብኝ። እናቴ መጀመሪያ "ከስጋው መሆኑን አላልኩም?" ስትል ከርማ ነበር፤ አሁን ክኒኑን ልትጥለው ተነሳች።

"እማዬ፣ ተዪው" አላት ጋሼ። "ዶክተሯ ቀድማ ነግራናለች፤ ጆሮዬ ሰምቷል።"

ሞተሯን የሚለምኑት ልጆች ግን በር ላይ ተሰልፈዋል። አንዱ እንዲያውም የራስ ቁር ገዝቶ መጣ። ጋሼ "ሹፌሯ ታሟል፣ ትቁም" ብሎ መለሰው። እኔ መስኮት ስር ተኝቼ ሰማሁት። እንባዬ መጣ፤ ከጣቴ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ወራት አለፉ፣ ጣቴ ዝም ብላለች። ክኒኔን እውጣለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ በቅርጫው ቀን ጉበቱን ለሌሎች አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ሲበሉት ግን አላያቸውም፣ ሰው ነኝ። ትናንት ጋሼ ቁልፉን ወረወረልኝ።

"ጌጫ የሚሄድ ሰው አለ። ቀስ ብለህ!"

"ቀስ የሚባል ማርሽ አላት እንዴ?"

"ውረድ!"

አልወረድኩም። ጣቴን ከማርሹ ስር ሰደድኩና ሁለተኛ አስገባሁ። ተሳፋሪዬ ዳገቱ ላይ ወገቤን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ፀሎት ጀመረ።