ሀሊሜ ፓሪስ መሀል ቆመች

ቡታጅራ በርበሬ ተራ ገብቶ «የፓሪሷ የት ናት?» ያለ ሰው አይጠፋበትም። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም እጁን ወደዚያ ጥግ ይቀስራል፤ ከማረቆ በርበሬ ክምር ጀርባ፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ የተቀመጠችው ናት። ዛሬ እትዬ ሀሊሜ ነው የምንላቸው። ያን ጊዜ ግን ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበሩና «እሷ» እያልኩ ባወራ አይቀየሙኝም። ቢቀየሙም ፊት ለፊት ይነግሩኛል እንጂ ቂም አይቋጥሩም።

ኩራት እራቱ የሚባል ሰው አለ አይደል? ለሀሊሜ ኩራት እራቷም ምሳዋም ነው። አንዴ ዋጋ ከተናገረች አትጨምርም፣ አትቀንስም። ገዢ ሲያጉረመርም «ሂድ፣ ዞር ዞር ብለህ ጠይቅ። ስትመለስ እዚሁ ነኝ» ትለዋለች። ገዢውም ተራውን ዞሮ ዞሮ፣ አቧራውን ጠግቦ፣ ላቡን እየጠረገ ይመለሳል። እሷም «አላልኩህም?» እንኳ አትልም፤ ዝም ብላ ትሰፍርለታለች።

ባሏ ሀቢቡ የሀጂ ሰይዶ የበኩር ልጅ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ከጎጃም መጥተው ቡታጅራ ያስተምሩ የነበሩት መምህር ካሳሁን «ይሄ ልጅ ድልድይ ካልሠራ እኔ መምህር አይደለሁም» ይሉ ነበር። ኒካሕ ካሰሩ ወራት እንኳ በወጉ ሳይቆጠሩ ፈረንሳዮች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጡትና ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ሊማር ፓሪስ ሄደ። ሀሊሜ አማቶቿ ቤት ቀረች። በአገሩ ወግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ሙሽራ ሳለች ስም ታወጣለታለች፣ በዚያ ትጠራዋለች። ሀሊሜም «ጋሻዬ» ብላ አወጣችለት። ጋሻዋ ግን ባሕር ማዶ ሆነ።

እንግዲህ ነገሩ ያለው ጀፎረው ላይ ነው። ጀፎረ ማለት፣ ለማያውቀው ልንገረው፣ በመንደሩ መሀል የሚያልፍ ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ነው። ቤቶች በግራም በቀኝም ተሰልፈው ፊታቸውን ወደሱ ያዞራሉ። ሠርጉ እዚያ ነው፤ ለቅሶው እዚያ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አንዲት ስንዝር ገፍቶ ያጠረበት ሰው ወዮለት። ሀቢቡ ሲያገባ ሽማግሌዎቹ በጀፎረው ዳር የቤት ቦታ ለክተው ሰጡት። ቤቱ ግን አልተሠራም። ምክንያቱም ምሰሶ ሲተከል ባለቤቱ ራሱ በእጁ መያዝ አለበት፤ አባት ለልጅ፣ ወንድም ለወንድም አይዝም። ስለዚህ በቤቶቹ ሰልፍ መካከል የሀቢቡ ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶውን ቆየ።

በአምስተኛው ዓመት፣ በ1962 መሆኑ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሀጂ ሰይዶን አስጠርተው «ሀጂ፣ ጀፎረ ክፍቱን አያድርም። ለዚህ አረፋ ልጅዎ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ ቦታውን ጎጆ ለሚወጣ ሌላ ልጅ እንሰጣለን» አሏቸው። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ደንብ ነው። የጉራጌ ልጅ የትም ይሁን የት ለአረፋው ወይ ለመስቀሉ አገሩ ይገባል። አምስት ዓመት ሙሉ ያልገባ፣ ውሃ በልቶታል ይባላል። ለሀሊሜ ደግሞ ቦታው ከሄደ ሁሉም ሄደ ማለት ነው። የራሷ በር የሌላት፣ የሰው ጓዳ ውስጥ የምታረጅ ሴት ልትሆን ነው።

በዚያው ሰሞን የሀቢቡ መልእክት መጣ። ትምህርቱን ጨርሷል፣ አንድ ትልቅ ድርጅት እዚያው ሥራ ሊሰጠው ነው፣ እሷም መጥታ አገሩን ትየው፣ ከዚያ አብረው ይወስናሉ። ሀጂ ሰይዶ ምራታቸውን አስጠሯት።

«ሂጂ» አሏት። «ግን እንዳትለምኚው።»

«ለምኜ አላውቅም አባባ።»

«የቦታውንም ነገር እንዳታነሺበት። አዝኖልኝ የሚመጣ ልጅ አልፈልግም። ከመጣ ልቡ ያምጣው።»

«አላነሳም» አለች። ከሀሊሜ አፍ የወጣ ቃል ደግሞ በርበሬዋ ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ጊደሮቿን ሸጣ፣ የፓስፖርቱን ነገር መምህር ካሳሁን በየቢሮው ተሟሙተውላት፣ በጭነት መኪና ጋቢና ቡኢን አልፋ አዲስ አበባ ገባች። የባሏ እህት ሰፍያ ስትሸኛት «ያንን ቆጮ ይዘሽ ፓሪስ ስትገቢ ሰዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው አገር ይለቁልሻል» ብላ አሳቀቻት። ሀሊሜ ግን ቆጮውንም በርበሬውንም ይዛ አውሮፕላን ላይ ወጣች።

ፓሪስ ብርድ ነበር። ሀቢቡ ረጅም ካፖርት ለብሶ ተቀበላት። ከስቷል፣ መልኩ ግን አምሯል። ስታየው አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ወዲያው ካፖርት ገዛላት፤ እሷም ነጠላዋን ከላዩ ደረበችበት። በማግስቱ ከተማውን ሊያሳያት ይዟት ወጣ። ሀሊሜ ሞኝ አይደለችም፤ የሚያሳያት ሁሉ ለምን እንደሆነ ገብቷታል። ገበያ ላይ ጥሩ ጥሩውን በርበሬ ከላይ የሚያደርግ ነጋዴ እሷ ናት፤ ማንን ሊያታልል ነው?

መጀመሪያ ያ የብረት ማማ ላይ አወጣት። ከተማው ከሥራቸው ተዘረጋ።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ማሻአላህ፣ ያምራል» አለች፤ ከልቧ ነው። ቀጠለችና «ግን ከዚህ ሆኖ የሰው ጓሮ ይታያል። ነውር አይደለም እንዴ?» አለችው።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወሰዳት። ድልድዮቹ ጋ ሲደርስ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ድንጋዩን በእጁ እየደባበሰ ይሄ በዚህ ዘመን ነው፣ ይሄ እንዲህ ሆኖ ነው የቆመው ይላታል። ሁለት ፈረንጆች መንገድ ጠፍቷቸው እሱን ሲጠይቁት፣ እሱም እጁን እየዘረጋ ሲያስረዳቸው፣ ሀሊሜ በኩራት ቁመቷ ጨመረ። የቡታጅራ ልጅ ለፈረንጅ አገሩን ያሳያል! መምህር ካሳሁን ይህንን ባዩ ምን ባሉ ስትል አሰበች። ሀቢቡ ግን ወደሷ ዞሮ «እዚህ ብቀር እንዲህ ያለ ድልድይ ላይ ነው የምሠራው» ሲላት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ውሃው ዞረች።

በሦስተኛው ቀን የሚከራዩትን ቤት አሳያት፤ ከፎቅ ላይ ያለ ንጹሕ ቤት ነው። ሀሊሜ ዞር ዞር ብላ አየችና በሩን ከፈተች።

«ይሄ በር ወዴት ነው የሚወጣው?»

«ወደ ኮሪደሩ።»

«ኮሪደሩስ?»

«ወደ ደረጃው።»

«እንግዳ ሲመጣብን በምን እናያለን?»

«ይደውላል» አለ ሀቢቡ። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ትስማማ አትስማማ አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ ሻንዜሊዜ ወደሚባለው ትልቅ ጎዳና ወጡ። ሀሊሜ ያንን ስፋት፣ ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ዛፎችና ሕንፃዎች፣ ሁሉም ፊቱን ወደ መሀል ማዞሩን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይሄማ ጀፎረ ነው» አለች።

ሀቢቡ ሳቀ። ከመጣች ጀምሮ የአገሩን ሳቅ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

«ማን ለካው?» አለችው።

«ነገሥታቱ ናቸው ያስለኩት።»

«ሽማግሌ አልነበራቸውም? ለነገሩ ጥሩ ለክተውታል። ሣሩን ግን አጠፉት።»

ሀቢቡ አሁንም እየሳቀ፣ ከሰል ላይ የሚጠበስ የዛፍ ፍሬ ሊገዛላት «እዚችው ጠብቂኝ» ብሏት ሄደ። ይሄኔ ከአንዱ ሲኒማ ቤት ሕዝብ እንደ ጎርፍ ወጣ። ገፍቶ ገፍቶ ማዶ ጥግ አደረሳት። ቀና ስትል ባሏ የለም። ሁሉም ካፖርት ለባሽ ነው፤ ሁሉም ባርኔጣ አድራጊ ነው።

መጣራት ነበረባት። ግን ምን ብላ? «ጋሻዬ» አለች፤ የመኪናው ጩኸት ዋጠው። ደግማ «ጋሻዬ» አለች። እውነተኛ ስሙን ብትጮኸው ይሰማት ይሆናል፤ ግን ስሙ ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ፓሪስም ቢሆን ወግ ወግ ነው። ፈራች፤ መፍራቷን ዛሬም አትደብቅም። ከዚያ ግን አሰበች። በእሷ አገር መንገድ የጠፋበት ወይም አቤት የሚል ሰው ቤት ለቤት አይንከራተትም። ጀፎረው መሀል ሄዶ ይቆማል፤ ከግራም ከቀኝም ያየዋል።

ካፖርቷን ቆለፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሻንዜሊዜ መሀል ገብታ ቆመች።

እንግዲህ የሆነውን አስቡት። መኪናው በግራም በቀኝም ይተማል፣ ጡሩምባው ይደባለቃል፣ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ይሳደባል። የምን ንቅንቅ! አንድ ፖሊስ ፊሽካውን እየነፋ መጣ። የሆነ ነገር አላት። በአማርኛ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» አለችው። እጅጌዋን ጎተተ፤ እጁን በጨዋ ደንብ አነሳችለት። ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አይቶ ባሏን ማለቱ ነው፣ ስሙን እንድትነግረው በእጁ በአፉ ጠየቃት። ገባት፤ ግን ስሙን ለራሱ ያልጠራች ሴት ለፖሊስ ልትጠራ? በኋላ ፖሊሱ ሲቸግረው ጊዜ እጁን ዘርግቶ በሷ በኩል ያለውን መኪና ሁሉ አስቆመላት። ሀሊሜም በልቧ «ሂድ፣ ዞር ዞር በል። ስትመለስ እዚሁ ነኝ» ትል ነበር።

ሀቢቡ ጥጉን ሁሉ እየሮጠ ፈልጓት ነበር። በኋላ እንደነገራት፣ መሀል መንገዱ ላይ ነጭ ነጠላ ሲያይ፣ ፓሪስ መሆኑን ለአንድ አፍታ ረሳ። ፍሬው ያለበትን ወረቀት እንደያዘ፣ እያለከለከ አጠገቧ ደረሰ። ፖሊሱ በቁጣ ወረደበት። ሀቢቡ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ሳይደፋ መለሰለት። ፖሊሱ ሀሊሜን አየ፣ ቆቡን ነካ አደረገ፣ አሳለፋቸው።

«ምን አልከው?» አለች ዳር ሲደርሱ።

«ሚስቴ ናት አልኩት። እኛ አገር የጠፋ ሰው መሀል ጀፎረ ይቆማል አልኩት።»

«ታዲያ ምኑን ነገርከው?» አለች ሀሊሜ። «የጠፋሁት እኔ አይደለሁም። እኔማ ቆሜ ነው ያለሁት።»

ሀቢቡ ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ዛፎች አየ። ፍሬው በእጁ እየቀዘቀዘ ነው። «ቦታዬስ?» አላት፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ሀሊሜ ቃሏን ሰጥታለች። ንገሪው ንገሪው የሚላትን ነገር በጥርሷ ያዘችው።

«ሳይቀዘቅዝ እንብላው» አለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ሥራውም ስለ ቤቱም አላነሳም፤ እሷም አልጠየቀችም። የመመለሻዋ ቀን ደረሰ። አውሮፕላን ማረፊያ ሲሸኛት «እንዲሁ ምንም ሳትይኝ ልትሄጂ ነው?» አላት። ሀሊሜ ቀና ብላ አየችው።

«ስትመለስ እዚያው ነኝ» አለችው።

አገሯ ስትገባ ሀጂ ሰይዶ ያሏት ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ለመንሽው?» «አልለመንኩትም።» «ነገርሽው?» «አልነገርኩትም።» ሽማግሌው ሙክታቸውን ወደሚያስሩበት ዞሩ፤ ዓይናቸውን እንዳታይ መሆኑ ነው። አረፋ ተቃረበ። ልጆች ከአዲስ አበባም፣ ከጂማም፣ ከየሄዱበት እየገቡ ጀፎረው በሰው ሞላ። የሴቶቹ አረፋ የሚባለው ዋዜማ ሲደርስ ሀሊሜ ቆጮውን ስትጋግር፣ ጎመኑን ስትከትፍ ዋለች። ሰፍያ እንኳ የዚያን ቀን አልቀለደችባትም።

ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከቡኢ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ከመንደሩ አፍ ቆመ። ረጅም ካፖርት ከአቧራ ጋር ወረደ።

አረፋው ተበላ። ከአረፋው በኋላ ምሰሶ ተቆረጠ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሰዉ በጀፎረው ሣር ላይ ተሰበሰበ። ሀቢቡ እጅጌውን ሰብስቦ ምሰሶውን አቅፎ ያዘ። በደንቡ የሽማግሌዎቹ አለቃ ቀረብ ብለው «ይሄ የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁት። ባለቤቱ የራሱን ስም ይጠራል፤ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነው።

«የሀሊሜ» አለ ሀቢቡ።

ሰዉ አጉረመረመ። ሽማግሌው ያልሰሙ መስሏቸው ደግመው ጠየቁት። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላቸው። ሁሉም ወደ ሀጂ ሰይዶ ዞረ። ሀጂ ከዘራቸውን ሣሩ ላይ ተከሉና «ሰምታችኋል እኮ። ትከሉት» አሉ።

ሀሊሜ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ስሟ በጀፎረ መሀል፣ በምሰሶ ላይ ሲጠራ ስትሰማ ያ ፓሪስ ያልወረደው እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ሀቢቡ መንገድ ሥራ ገባ፣ ልጆች ወለዱ፣ ልጆቹም አደጉ። ቤቱ እስከ ዛሬ የሀሊሜ ቤት ነው የሚባለው። እትዬ ሀሊሜ ግን የባላቸውን ስም አሁንም ጠርተው አያውቁም። በቀደም በርበሬ ስገዛ «ስሙን አንድ ቀን እንኳ አይጠሩትም?» ብላቸው፣ መስፈራቸውን ሳያቋርጡ መለሱልኝ።

«ምን ያስጠራኛል? አጠገቤ ነው።»