ከስኔሊንግ እስከ ዉድበሪ፦ የስኮትላንድን ምርጫ ይዤ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሴንት ፖል ካለው ሰፈሬ፣ ከስኔሊንግ አቨኒው ተነሣሁ። ዉድበሪ ያለው የንባብ ማኅበራችን አዲስ ሰብሳቢ የሚመርጥበት ቀን ነበር። ከምርጫው በፊት፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁበትን በስኮትላንድ ያለ የአንድ የምርጫ ክልል ታሪክ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ለማንም ያልነገርኩት ግን ሰብሳቢነቱን እኔው መፈለጌን ነው።

የወሰዱኝ ጎረቤታችን ጋሽ በላይ ናቸው፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ሁለት ሁለት ዶላር የሚሸጥ የምስር ሳምቡሳ ገዝተን፣ ትኩሱን እየበላን ወደ ምሥራቅ አቀናን። በረዶው እየቀለጠ ነው፤ የሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት ነጭ ጉልላት በፀሐይ ያበራል።

«ታዲያ እዚያ ስኮትላንድ ማን አሸነፈ?» አሉኝ።

«አንድ ፓርቲ ለብዙ ዘመን ይዞት ነበር፤ በኋላ ሌላው ነጠቀው። ወሰኑም ተቀየረ፤ ሰዎቹ ሌላ ክልል ውስጥ ገቡ።»

«ቤታቸው ቁጭ ብለው? እኔ አፓርትመንት ስቀይር ሶፋ ተሸክሜ ወገቤ ተቀጨ!»

ዉድበሪ

የስኮትላንዱን ታሪክ መተረክ ጀመርኩ። እየተሸነፈ ደጋግሞ ስለተወዳደረው ዕጩ ስናገር ሰው ሳቀ። «አያፍርም እንዴ?» አሉ እትዬ አልማዝ፣ የማኅበሩ ነባር አባል።

ምርጫው ሲጀመር እትዬ አልማዝ እኔን ጠቆሙ። እኔም እንደ ወጉ «ኧረ አልችልም፤ እሳቸው ይሁኑ» አልኩ። እሳቸው ደግሞ «ኧረ በጭራሽ!» አሉ። መድረኩን የምትመራው ሳራ እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች ነርስ ናት።

«ኦኬ፣ ሁለቱም ኖ ብለዋል» አለችና ስማችንን ከጻፈችበት ሰሌዳ አጠፋችው። «ኔክስት?»

ደነገጥኩ። ደጋግሞ የሚለምነኝ ሰው ጠበቅሁ፤ እንደ ወጉ የሚለምን ግን ጠፋ።

ጋሽ በላይ ከኋላ ሆነው፣ «ልጄ፣ ያ የስኮትላንዱ ሰውዬሽ ቢሆን ዝም ይል ነበር?» አሉ።

ፊቴ እየነደደ ተነሣሁ። «እፈልጋለሁ» አልኩ። «ድሮም እፈልግ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። «ቀድመሽ እንዲህ አትዪም!» አለች ሳራ። ሌላ ዕጩ ስላልቀረበ እጅ በማውጣት ተመረጥኩ።

ከሰዓት በኋላ እየሣቅሁ ቤቴ ገባሁ። ስለ ምርጫ ያን ሁሉ አንብቤ ያልገባኝ ነገር ዛሬ ገባኝ፦ መግደርደር የሚያምረው ደጋግሞ የሚለምን ሲኖር ነው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አልማዝ ጋ ደወልኩ፤ ምክትሉን የሚመርጠው ሰብሳቢው ነው።

«ምክትሌ ይሁኑልኝ።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ!»

እንደ ሳራ «ኦኬ» አልኩ። እሳቸውም ወዲያው፣ «ምነው፣ ደግመሽ አትለምኚኝም እንዴ?» አሉ።

ደግሜ ለመንኳቸው።