ዘጠና ሁለት ላይ የፈላ ውሃ

እትዬ ልኬ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሦስት መቶ ሰው ሲያበስሉ በማንኪያ ለክተው፣ ሰዓት አይተው አያውቁም፤ ጨዉን በእጃቸው፣ ብስለቱን በዓይናቸው ነበር የሚያውቁት። አንድም ቀን ጨው በዛ፣ ሥጋ ጥሬ ሆነ ተብለው አልታሙም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሑድ እሑድ ልጃቸውና አማቻቸው ለምሳ ይመጣሉ፤ አናጺው ባለቤታቸው ጠረጴዛውን ሲወለውሉ እሳቸው ሙሉ ዶሮ ኦቨን ውስጥ ይከታሉ።

ነገሩ የተበላሸው ከእነዚህ እሑዶች በአንዱ ነው። ሰኞ ሲነጋ አናጺው ከመጸዳጃ ቤት አልወጣ አሉ። የአውቶቡስ ሹፌሩ አማችም ሁለት ቀን ከሥራ ቀረ። ሴቶቹ ከዶሮው ቀመስ ብቻ ስላደረጉ ተረፉ። የዶሮውን ስም ግን ማንም አላነሳም። አማችየው ከመንገድ የጠጣሁት ጭማቂ ይሆናል አለ፤ አናጺው ብርድ ነው አሉ። እትዬ ልኬን ያንገበገባቸው ይኸው ይሉኝታ ነው። በግልጽ ቢወቅሷቸው ይሻላቸው ነበር።

ልጃቸው የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስለ ብርዱም ስለ ጭማቂውም አልተከራከረችም፤ በሳምንቱ አንድ ትንሽ ካርቶን ይዛ መጣች። ውስጡ ጫፏ እንደ መርፌ የሾለ፣ አናቷ ላይ ቁጥር የምታሳይ ዲጂታል የምግብ ቴርሞሜትር ነበረች። ወፍራሙን የጭን ሥጋ ትወጊዋለሽ፣ አጥንት እንዳትነኪ፣ ሰባ አራት ዲግሪ ከደረሰ በስሏል ብላ አስረዳች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳበስል ኖሬ አሁን በመርፌ ልታስፈትኚኝ ነው?»

«አንቺን አይደለም እማዬ፣ ዶሮውን ነው።»

ዶሮውን መፈተን እሳቸውን መፈተን መሆኑ ለሁለቱም አልጠፋቸውም።

በማግስቱ እትዬ ልኬ መነጽራቸውን ፈልገው ዕቃዋን ከካርቶኑ አወጡ። ጫፏን በመዳፋቸው ጨበጥ ቢያደርጉ ዘጠና አምስት አለች። በቁሜ ልፈላ ነው እንዴ ብለው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ፋረንሃይት ላይ ሆና ነው፣ ከጀርባዋ ያለችውን ቁልፍ ጫን አድርጊያት አለቻቸው። ቁልፏ የምስር ፍሬ አታክልም። በጥፍራቸው ሲጫኗት ጠፋች፤ ደግመው ሲጫኗት ጮኸች፤ በሦስተኛው ሠላሳ አምስት አለች።

በዚህ ላይ አማችየው መጣ። አዲስ ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ ይፈተሻል፣ መቶ ካላለ ብልሹ ነው ሲባል ሰምቻለሁ አለ። ውሃ ተጣደ። ተንፈቀፈቀ፣ ክዳኑን አንቀጠቀጠው። ዘጠና ሁለት። አናጺው እሳቱን ጨመሩበት፤ ወይ ፍንክች!

እትዬ ልኬ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ልጃቸው ደረሰኙን ትታላቸው ስለነበር ጠዋት ወደ ሱቁ ሄዱ፤ ባለሱቁም ያለ ክርክር ሌላ ሰጣቸው። እሷም ዘጠና ሁለት አለች። ተመለሱ። ሦስተኛዋ ሰውነቷ ወፈር፣ ቁጥሯ ተለቅ ያለ ነበር፤ ዘጠና ስድስት አለች። አማችየው ይቺስ ትሻላለች ቢል እትዬ ልኬ፣ አራት የጎደለው ሚዛን ተሻለ ተብሎ ይያዛል ወይ ብለው በነጋታው ፀሐይ ሳይበረታ ሱቁ ደጃፍ ደረሱ።

ባለሱቁ ገና ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ። «እናቴ፣ እኔ የምሸጠው ዕቃ ነው፤ ውሃውን የማፈላው እኔ አይደለሁም።»

አምፖል ሊገዛ የቆመ ሰው ስንት አለች ብሎ ጠየቀ። የፊዚክስ መምህር ነው። የሦስቱንም ቁጥር ነገሩት። እሱም ከተማችን ያለችው ተራራ ላይ ነው፣ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል፣ እዚህ ዘጠና ሁለት ልክ ነው አላቸው።

«ማፍላቱን ይተዉትና በበረዶ ይሞክሯት። የሚቀልጥ በረዶ ቆላም ደጋም ዜሮ ነው።»

ባለሱቁ የተመለሱለትን ሁለቱን ከመደርደሪያ አወረደና ከጎን ካለው ጭማቂ ቤት አንድ ብርጭቆ የተፈጨ በረዶ አስመጣ። ትንሽ ውሃ ጨምረው፣ የብርጭቆውን ግድግዳ ሳያስነኩ ሦስቱንም አንድ ባንድ ነከሯቸው። የመጀመሪያዋ ዜሮ። ሁለተኛዋ ለዜሮ ጥቂት የቀራት። ያቺ ወፍራሟ አራት ላይ ቆማ ቀረች።

«ይቺ እኮ ናት ለመቶ የቀረበችው» አሉ እትዬ ልኬ።

«ከሁሉም የዋሸችውም እሷ ናት» አለ መምህሩ።

ከሁለቱ መምረጡ ግን የወጥ ቤት ሰው ሥራ ነው። እትዬ ልኬ ሁለቱን ከበረዶው እያወጡ፣ ባለሱቁ ሊጠጣው ያስቀመጠው ሻይ ውስጥ እየነከሩ ተራ በተራ ሞከሩ። አንደኛዋ ሦስት ሲቆጠር ቁጥሯን ይዛ ተረጋች፤ ሌላዋ አንድ ሽንኩርት እስኪላጥ ድረስ ስትዋዥቅ ቆየች። ይቺን ይዤ ኦቨን ከፍቼ ስጠብቅ እጄም ይጠበሳል፣ ዶሮውም ይቀዘቅዛል አሉ። የፈጣኗ ጫፍ ቀጭን በመሆኑ ሥጋውን ብዙ አይበሳውም፣ መረቁም አያመልጥም። ስለዚህ እሷን ወሰዱ። ሦስት ቀን ተመላልሰው ይዘው የተመለሱት ልጃቸው መጀመሪያ ያመጣችላቸውን ነበር። መንገዱን ሙሉ በማን መናደድ እንዳለባቸው ሲያወጡ ሲያወርዱ ነው ቤታቸው የደረሱት።

እሑድ ዶሮው እንደ ወትሮው ገባ። ቆዳው ቀላ፤ ጭኑን በሹካ ወጋ ሲያደርጉት የወጣው ፈሳሽ በዓይናቸው ኩልል ያለ ነበር። በድሮው ልማዳቸው ቢሆን አሁን ይወጣል። ብቻ ልጅቷ እንዳትነዘንዘኝ ብለው ዘንጓን ሰኳት። ስድሳ አንድ። አጥንት ነክቼ ይሆናል ብለው በሌላው ጭን ሞከሩ። ስድሳ ሁለት። ጡቱም ከዚያ አልራቀም።

ትሪውን መልሰው አስገቡና በሩን ገጭ አድርገው ዘጉት። አናጺው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው አይተዋቸዋል።

«አየሽ?» አሏቸው ቀስ ብለው።

«ያየሁትንማ አየሁ። ያበሸቀኝ ያላየሁት ነው።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሰባ አምስት ሲደርስ ትሪውን ያወጡት አናጺው ናቸው፤ ሚስታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን በመሃረብ ይወለውሉ ነበር። ምሳው ላይ እትዬ ልኬ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ያን ጊዜ ያመማችሁ ከእኔ ዶሮ ነው፣ ብርድም ጭማቂም እያላችሁ አትሸንግሉኝ አሉ። አማችየው ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። ልጃቸው ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ፈሳሹ ቀይ ይሁን ነጭ ለይተሽ ታይዋለሽ ወይ አለቻቸው። እትዬ ልኬ ሰላጣ አቀረቡላት።

በሳምንቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ተገኘ፤ የባሰበት የቀኙ በወሩ ተነሣ። ፋሻው ተፈትቶ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የወጥ ቤታቸውን ግድግዳ ነው፤ ይህን ያህል ጥቀርሻ ይዤ ነው ለካ ሰው የምጋብዘው ብለው ሁለት ቀን ሲፈገፍጉ ሰነበቱ።

ከዚያ በኋላ ልጃቸው አሁንማ ዓይንሽ ተሻለ፣ ቴርሞሜትሯን ልውሰዳት ብትል ቁጣ ተቀበላት። ይህን ሁሉ የተንከራተትኩት ለአንቺ ነው ወይ አሏት። ብቻ ጣጣዋ አላለቀም። አንድ ቀን ዶሮ ሊወጉ ሲያነሷት ዘንጓ ላይ ቡናማ ነገር ደርቆ አገኙ። አናጺው ወንበር ሊያጣብቁ ሙጫ ሲያሞቁ ልክ ስድሳ ላይ መሆኑን አረጋግጠውባት ኖሯል። እትዬ ልኬ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥበው፣ የቀረውን በጥፍራቸው ፍቀው፣ ለሁለት ቀን ባላቸውን አላናገሩም። አሁን ቴርሞሜትሯ የምትቀመጠው የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ነው፤ ገበያ ሲወጡም ይዘዋት ይወጣሉ።