የቀበናው ነጭ ድንጋይ

በደርግ ዘመን፣ ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ፣ ለትምህርት ብዬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አክስቴ ዘንድ ገባሁ። አክስቴ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገች ዋናተኛ ነበረች። ልጇ ግን ዋና ሳትማር፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ ልብስ የምናጥብበት የቀበና ወንዝ ኩሬ ውስጥ ሰጥማ ሞታለች። በቤቱ ስለ እሷ አይወራም።

እኔ ውሃ እፈራ ነበር። አንድ የመስከረም ቅዳሜ ሳሙናው ከእጄ አምልጦ ኩሬው ውስጥ ገባ።

«ግቢና አውጪው» አለች አክስቴ።

«እፈራለሁ፣ እትዬ።»

«መፍራትሽን አልጠየቅኩሽም።»

አጠገባችን ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳቁ። «ይቺ ድመት ናት እንዴ?» አለች አንዷ። «ተያት፣ ሳሙናው ሲበርደው ራሱ ይወጣል።»

አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ ጎትታ አስገባችኝ። ማጅራቴን ይዛ ጭንቅላቴን ውሃው ውስጥ ደፈቀችው። ከእንጦጦ የሚወርድ ውሃ ነው፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ስትለቀኝ አስመለሰኝ። አፌን እስክጠርግ ጠብቃ ደግማ ደፈቀችኝ። ሳሙናውን በመጨረሻ ያወጣችው ራሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልብሱን ከመንከራችን በፊት፣ አንድ ነጭ ድንጋይ ወደ ኩሬው ትወረውራለች። ድንጋዩ ካልወጣ ምሳ የለም።

«ዓይንሽን ግለጪ። ትንፋሽሽን ቀስ እያልሽ ልቀቂ። ከተንፈራገጥሽ ትሞቻለሽ» ትለኛለች፣ ጎመን እየቀነጠሰች እንደምታወራ።

ብዙ ቅዳሜ ጦሜን ዋልኩ። መጀመሪያ የተማርኩት ዓይኔን መግለጥ ነው። ውሃው ውስጥ ያሰብኩትን ያህል ጨለማ አልነበረም። ቀጥሎ ትንፋሼን በትንሽ በትንሹ ስለቅ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር አብሮ እንደሚቀልል አወቅኩ። አንድ ቀን ድንጋዩን ኩሬው ስር አረንጓዴ ዝቃጭ ላይ ተኝቶ አየሁት፤ እጄ ግን አልደረሰም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በአንድ ትንፋሽ ወርጄ ያዝኩት። ድንጋዩን ከራሴ በላይ አንስቼ እየሳቅሁ ብቅ አልኩ። «ድመቷ ዓሣ ሆነች» አሉ አጣቢዎቹ።

አክስቴ በጥፊ መታችኝ። ድንጋዩ ከእጄ ወድቆ ተመልሶ ሰመጠ።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

«ውሃ ላይ አትሳቂ። ልጄም እየሳቀች ነው የገባችው።»

አጣቢዎቹ ወደ ልብሳቸው አጎነበሱ። አክስቴ ኩሬውን በአገጯ አሳየችኝ።

«ግቢ።»

ጉንጬ እያቃጠለኝ ገባሁ። አልፈራሁም።